በቤት የሚሰፋ ዳይፐርና ሞዴስ፦ ከመርፌው ቀዳዳ እስከ ማስጫው ገመድ

በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ በተባለው ሠፈር፣ በኦዲሊያና በስኪልማን ጎዳናዎች ዳርና ዳር የኪራይ አፓርታማዎች ተደርድረዋል። ከነዋሪዎቻቸው መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ይገኙበታል። በእነዚህ ቤቶች ስኳር ወይም ዘይት ቢያልቅ ከጎረቤት ተበድሮ ማደር ይቻላል፤ ዳይፐር ሲያልቅ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሱቅ መውጣት የግድ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል። በ8 ብቻ ቢሰላ እንኳ በዓመት 2,920 ዳይፐር ይሆናል።

የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በዳይፐርና በወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ላይ ይጣል የነበረውን የሽያጭ ግብር አንሥቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዳላስ ግብሩ ከመቶ 8.25 ነበር። ሆኖም ብዙዎች ፉድ ስታምፕ በሚሉት የምግብ ድጎማም ሆነ ለእናቶችና ለሕፃናት በሚሰጠው የዊክ ድጋፍ እነዚህን ዕቃዎች መግዛት አይቻልም። የልብስ ስፌት መኪና ያላት እናት «ለምን እኔው አልሰፋውም?» ብትል አያስገርምም።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ዳይፐር በየሱቁ ከመታየቱ በፊት ልጅ የሚታቀፈው ደጋግሞ ታጥቦ በለሰለሰ ጨርቅ ነበር፤ ያረጀ ነጠላ፣ ሻሽ ወይም አቡጀዲ ለዚሁ ይቀደድ ነበር። የወር አበባም በእራፊ ጨርቅ ይያዝ ነበር፤ ዛሬም በዚሁ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን አሳምራ የሰፋችው ዳይፐር በመጀመሪያው ሌሊት አንሶላውን አርሶት ሲገኝ፣ ሰፊዋ ቀሪውን ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከታለች። እጅዋን ከመውቀሷ በፊት ፈሳሽ በጨርቅ ውስጥ በየት በኩል እንደሚሄድ ብትመለከት ይሻላል።

ሦስት ሥራ ለሦስት ጨርቅ

ዳይፐርም ሆነ ሞዴስ ሦስት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ፈሳሹን ከቆዳ ላይ ያሳልፋል፣ ይይዛል፣ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከለክላል። (ሞዴስ የሚለውን ስም አማርኛ የወረሰው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1920ዎቹ ለገበያ ካቀረበው ምርት ነው።) ሦስቱን ሥራ አንድ ጨርቅ ብቻውን አይወጣውም።

ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ንብርብር ብዙውን ጊዜ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ የፖሊስተር ጨርቅ ነው። የፖሊስተር ጭረት ውኃ አይጠጣም፤ የጨርቁ ሽመና ግን ክፍት ስለሆነ ፈሳሹ በመካከሉ አልፎ ከሥር ያለው የተጠማ ጨርቅ ይስበዋል። ላዩ ደረቅ መስሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ንጹሕ ጥጥም ለዚህ ቦታ ይሆናል፤ እርጥበቱ ለቆዳ ይሰማል እንጂ ቆዳን አይጎዳም፣ በቶሎ እስከተቀየረ ድረስ።

መካከለኛው የመያዣው ንብርብር ነው። የጥጥ ጭረት ከሴሉሎስ የተሠራ ሲሆን ሴሉሎስ ከውኃ ጋር በቀላሉ ይያያዛል። ሆኖም አብዛኛው ፈሳሽ የሚቀመጠው በጭረቱ ውስጥ ሳይሆን በጭረትና በጭረት መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ነው። ፎጣ ከአንሶላ ይልቅ ብዙ ውኃ የሚይዘው ቃጫዎቹ እየተጠቀለሉ ብዙ ክፍተት ስለሚፈጥሩ ነው። ካልነጣ ጥጥ ጋር ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ጥጥ ከተክሉ ይዞት የሚመጣ ሰም አለው። ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲ ላይ ጠብታ ውኃ ቢያርፍ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ሰሙ እስኪወጣና ጨርቁ እስኪሰበሰብ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ይህም ከመቆረጡ በፊት ነው። ሳይታጠብ የተሰፋ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ተኮማትሮ ልኩን ያጣል።

ማይክሮፋይበር የሚባለው የመኪናና የወጥ ቤት መወልወያ ጨርቅ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል። ፈጥኖ ይጠጣል፤ ሲጫኑት ግን እንደ ስፖንጅ መልሶ ይለቃል። ሕፃን ሲቀመጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በቀጥታ ቆዳ ከነካም የቆዳውን እርጥበት ጭምር ይስባል። ቦታው ሁልጊዜ ከሌላ ጨርቅ ሥር ነው።

ሦስተኛው ከልካዩ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት በምሕጻረ ቃል ፒ.ዩ.ኤል. የሚባለው ጨርቅ ሲሆን፣ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አርባኛ ያህል የሆነ የፖሊዩሬቴን ሽፋን ከፖሊስተር ጨርቅ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የተሠራ ነው። ከዚህ በፊት ሰዎች ያገኙትን ላስቲክ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት የሻወር መጋረጃ ቆርጣ በስፌት መኪናዋ የዳይፐር ሽፋን ሰፋች፤ ሕፃኑን ሊወጋ በሚችለው ስፒል ፈንታም በጣት ተጭኖ የሚያያዝ ቁልፍ ገጠመችለት። በ1949 በኒው ዮርኩ ሳክስ ፊፍዝ አቬኑ መደብር ይሸጥ ጀመር። ፓምፐርስ የተባለው ተጥሎ የሚቀር ዳይፐር ገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1961 ነው።

ለዳላስ ሰፊዎች አሁን አንዱ ችግር ጨርቁን ማግኘት ነው። በአሜሪካ የጨርቅና የስፌት ዕቃ ዋና መደብር የነበረው ጆአን በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘግቷል። ፒ.ዩ.ኤል. የመሳሰለውን በእጅ ዳሶ፣ ሽፋኑን ዓይቶ መግዛት ከዚያ ወዲህ ከበድ ብሏል።

ስፌቱ እንደ ኩራዝ ክር

ኩራዝ አይቶ የሚያውቅ ሰው የፍሳሹን ምሥጢር ያውቀዋል። ጋዙ ከታች ነው፤ እሳቱ ከላይ ነው፤ ማንም ሳይገፋው ጋዙ በክሩ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ጠባብ ክፍተት ፈሳሽን ይስባል፤ ክፍተቱ በጠበበ መጠን ስበቱ ይበረታል። ፊዚክስ ካፒላሪ ብሎ የሚጠራው ይህ ኃይል ዳይፐሩን እንዲጠጣ ያደርገዋል። ዳይፐሩን የሚያፈሰውም ይኸው ኃይል ነው።

ከልካዩ ጨርቅ ውኃ አያሳልፍም፤ መርፌ ግን በእያንዳንዱ ስፌት ይበሳዋል፤ በቀዳዳው ውስጥም ክር ይቀራል። ክሩ ጥጥ ከሆነ እያንዳንዱ ስፌት ትንሽ ኩራዝ ነው፤ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እየሳበ ወደ ሱሪውና ወደ አንሶላው ያወጣዋል። የፖሊስተር ክር ውኃ ስለማይጠጣ ይህን መንገድ በእጅጉ ያጠበዋል። ቀጭን መርፌ (ቁጥር 70 ወይም 80) ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። ስፌቱ ረዘም፣ ወደ 3 ሚሊሜትር ቢጠጋ የቀዳዳው ቁጥር ይቀንሳል፤ በጣም አጭር ስፌት ጨርቁን እንደ ቴምብር ዳርቻ ይበሳሳዋል። ጨርቁን ለመያዝ ስፒል መውጋትም ቀዳዳ መጨመር ነው፤ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ወይም የፀጉር ማያዣ ያንኑ ሥራ ሳይበሳ ይሠራል።

በሞዴስ ስፌት ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሌላ ነው። ሰፊዋ ሦስቱን ንብርብር ደራርባ፣ እንዳይንሸራተቱ ብላ በመካከል ላይ ስፌት ትመታለች። ያ ስፌት ከልካዩን የሚበሳው ፈሳሹ በብዛት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፤ መያዣው ከላይኛው ጨርቅ ጋር ብቻ አስቀድሞ ይሰፋል፤ ከልካዩ በመጨረሻ በዳርቻው ብቻ ይያያዛል። የላይኛው ጥጥም ቢሆን በጠርዙ ተጠቅልሎ ወደ ውጭ ብቅ ማለት የለበትም፤ ብቅ ካለ መላው ጠርዝ ኩራዝ ሆነ ማለት ነው።

ጎርፍና ካፊያ

ሁለቱ ዕቃዎች በአሠራር ቢመሳሰሉም የሚሸከሙት ጭነት የተለያየ ነው። በአንድ የወር አበባ ጊዜ የሚፈሰው ደም በአብዛኛው በድምሩ ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ ከውኃ የወፈረ ፈሳሽ ነው። ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን በሕክምና እንደ ብዙ ይቆጠራል። ስለዚህ ሞዴስ ሁለት ሦስት የጥጥ ንብርብር ይበቃዋል። ከፍርሃት የተነሣ ወፍራም አድርጎ መስፋት ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ጉዳቱ ግን ኋላ በማድረቂያው ሰዓት ይመጣል።

ሕፃን ደግሞ ያለውን በጥቂት ሴኮንዶች ይለቀዋል። እዚህ ላይ የሚፈተነው ጨርቁ ምን ያህል ይይዛል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል ይፈጥናል የሚለውም ነው። ከቀርከሃ የተሠራ ቪስኮስና የሄምፕ ጨርቅ ብዙ ይይዛሉ፣ ግን ቀስ ብለው ይጠጣሉ። እነርሱ ብቻቸውን ቢደረቡ ጎርፉ መግቢያ አጥቶ በጭኑ በኩል ይወጣል፤ ዳይፐሩ ሲፈተሽ ግማሹ ደረቅ ነው። ፈጣኑ ጨርቅ ከላይ፣ ዘገምተኛው ግን ሆዱ ሰፊው ከታች ሲሆን ጎርፉ ጊዜ ያገኛል።

በዚህ ረገድ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ የቤት ስፌት ከሱቁ ዳይፐር ጋር በሁሉም ነገር አይወዳደርም። በሱቁ ዳይፐር ሆድ ውስጥ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የተባለ ዱቄት አለ። ንጹሕ ውኃ ቢሰጠው ከክብደቱ በመቶዎች የሚቆጠር እጥፍ ይጠጣል፤ ሽንት ጨው ስላለበት መጠኑ ወደ አሥርዮሽ እጥፎች ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ግን የጠጣውን ወደ ጄል ስለሚለውጠው ሲጫኑትም አይለቅም። ጨርቅ ይህን አያደርግም። የጨርቅ ዳይፐር በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው።

የሰፉትን ለልጅ ከማልበስ በፊት መሞከር ይቻላል። አንድ የቡና ሲኒ ለብ ያለ ውኃ በአንድ ጊዜ መካከሉ ላይ ይፈስሳል። ውኃው በላዩ ላይ ሳይንከባለል ወዲያው ከጠፋ ፍጥነቱ ደህና ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፎ በመዳፍ አጥብቆ መጫን፤ ወረቀቱ ላይ የታየው እርጥበት በየትኛው ስፌት በኩል እንደወጣ ራሱ ያሳያል።

ከፕሬሪ ቪው እስከ መቐለ

ከዳላስ በስተደቡብ፣ ከሂዩስተን በስተሰሜን ምዕራብ ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማሩት በዚያ ነው። በኢትዮጵያ በልጅነታቸው የወር አበባን በእራፊ ጨርቅና በድብቅ ያሳለፉት ወይዘሮ ፍሬወይኒ፣ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ነድፈው በ2009 በመቐለ ፋብሪካ ከፈቱ፤ ስሙንም በልጃቸው ማርያም ሳባ አሉት። በ2019 ሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲሸልማቸው ፋብሪካው በዓመት 750,000 ያህል ያመርት ነበር፤ ይህም በትግራይ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው። አንዱ ሞዴስ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

ከምርቱ እኩል ትኩረት የሚስበው አብሮ የተሰጠው ትምህርት ነው። ከዲግኒቲ ፒሪየድ ድርጅት ጋር በመሆን ሞዴሱ በትምህርት ቤቶች ሲታደል፣ ስለ ወር አበባ የሚሰጠውን ገለጻ ወንዶች ተማሪዎችም እንዲሰሙ ተደርጓል። ይህ ለሳይንስ ጽሑፍ ከርእስ የወጣ ሊመስል ይችላል። ታጥቦ የሚያገለግል ጨርቅ ግን መሰጣት አለበት፤ የሚያፍሩበት ነገር ደግሞ በአደባባይ አይሰጣም።

ማፈር በጤና ላይ ምን እንደሚያስከትል በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ከ500 በላይ ሴቶችን መርምሮ በ2018 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ጨርቅ ደጋግመው ከሚጠቀሙት መካከል፣ ጨርቁን ቤት ውስጥ የሚያደርቁትና በመጸዳጃ ክፍል ደብቀው የሚያስቀምጡት ሴቶች ካንዲዳ በተባለው ፈንገስ ይበልጥ ተጠቅተው ተገኝተዋል። ፍራሽ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ በታች የተሸሸገ እርጥብ ጨርቅ ለፈንገስ የሚመች ቤት ነው። ፀሐይ በሁለት በኩል ትሠራለች፤ ሙቀቷ እርጥበቱን ያነሣል፣ አልትራቫዮሌት ጨረሯ ደግሞ ተሕዋስያንን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የተመሠረተው ዴይስ ፎር ገርልስ ይህን የተማረው በሙከራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሶቹ ነጭና በቅርጻቸው የሚታወቁ ስለነበሩ ልጃገረዶች ሊያሰጧቸው አፈሩ። ንድፉ ደጋግሞ ተለወጠ፤ የሚይዘው ክፍል ሲዘረጋ ባለቀለም መሐረብ የሚመስል፣ ሲታጠፍ ሞዴስ የሚሆን አራት ማዕዘን ጨርቅ ሆነ። ማንም ሳይጠረጥረው በገመድ ላይ ይውላል። ሲዘረጋ ቀጭን ስለሆነም ፈጥኖ ይደርቃል።

እጥበቱ

ደም ያለበት ጨርቅ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል። ደም ፕሮቲን ነው፤ ሙቅ ውኃ ሲያገኘው እንደ እንቁላል ረግቶ ከጭረቱ ጋር ይጣበቃል። ቀዝቃዛው ካወጣው በኋላ ሙቁ ይከተላል። የዳይፐሩ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ሽታው የሚከረፋውና የሕፃኑ ቆዳ የሚላጠው በዚህ ነው። ዓይነ ምድሩ ወደ ሽንት ቤት ተራግፎ፣ ዳይፐሩ ታጥቦ እስኪለቀለቅ ድረስ በረኪና አይነካውም፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን፣ ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን የተባሉ መርዘኛ ጋዞች ይወጣሉ። ልብስ ማለስለሻ ፈሳሽም ለእነዚህ ጨርቆች አይሆንም፤ ጭረቱን በቅባት ስለሚሸፍነው ቀድሞ በሙቅ ውኃ የወጣውን ሰም መልሶ እንደ መቀባት ነው።

በአሜሪካ ቤቶች ሌላ ያልታሰበ ነገር አለ። ለዳይፐር እጥበት በአብዛኛው የሚመከረው 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የውኃ ማሞቂያዎች ግን ሰው እንዳያቃጥሉና ኃይል እንዲቆጥቡ በተለምዶ 49 ዲግሪ ላይ ይደረጋሉ። መኪናው ላይ «ሙቅ» የሚለውን መጫን 60 ዲግሪ አገኘሁ ማለት አይደለም። ጉድለቱን የሚሞላው በቂ ሳሙና፣ ሁለት ዙር እጥበትና ፍጹም መድረቅ ነው።

መድረቁ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃውንም ሒሳብ ይወስናል። የብሪታንያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 ባወጣው ጥናት፣ የአንድ ልጅ የጨርቅ ዳይፐር ለሁለት ዓመት ተኩል በሙሉ በማድረቂያ መኪና ቢደርቅ በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና ከመነሻ ግምቱ በ43 ከመቶ ከፍ ይላል። መኪናው ሞልቶ ከታጠበ፣ ገመድ ላይ ከደረቀና ለሁለተኛ ልጅ ከተላለፈ ግን በ40 ከመቶ ዝቅ ይላል። በ2023 የታተመ ሌላ የብሪታንያ መንግሥት ጥናት በአማካይ አጠቃቀም የጨርቁ ጫና ከሚጣለው በ25 ከመቶ እንደሚያንስ ገምቷል። «ጨርቅ ነውና ለአካባቢ ይሻላል» ብሎ የሚጀምር ሰው የመጨረሻውን ቁጥር የሚያገኘው ከማስጫው ነው።

ሌክ ሃይላንድስ ላይ ገመዱ የት ይወጠር? በሐምሌ የዳላስ የቀን ሙቀት ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ የተረፈችበት አገር ነው። ብዙ የአፓርታማ ውሎች ግን በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣትን ይከለክላሉ፤ መኪናውም የጋራ ሆኖ በሳንቲም ወይም በካርድ የሚሠራ፣ ለማድረቂያው ለብቻ የሚከፈልበት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ማስጫው እያለ ዕፍረት ይከለክላል፤ እዚህ ደግሞ ውሉ።

ስለዚህ ለአፓርታማ የሚሰፋ ዳይፐር ለአፓርታማው ተብሎ መነደፍ አለበት። ከልካዩና መያዣው አንድ ላይ ከተሰፉ ወፍራሙ መካከል በቤት ውስጥ አየር በቶሎ አይደርቅም፤ ማድረቂያ መኪና ሲገባ ደግሞ ከፍተኛው ሙቀት የፒ.ዩ.ኤሉን ሽፋን ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጥቀዋል። ሁለቱ ተለያይተው ቢሰፉ ቀጭኑ ሽፋን በመታጠቢያ ቤት መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ መኪናው ውስጥ የሚገባው ጥጡ ብቻ ይሆናል። ጥጡም እንደ ድሮው ሻሽ ሰፊ፣ ባለአንድ ንብርብር ሆኖ ሲለበስ ብቻ ስምንትና አሥር ቦታ የሚታጠፍ ከሆነ ማድረቂያውም ላያስፈልግ ይችላል፤ ታጣፊ ማስጫ ላይ ተዘርግቶ የማራገቢያ ነፋስ ካገኘ ለማግስቱ ይደርሳል።